የዘር ቆጠራ ሲቆም፦ ስሙ የጠፋን አያት ስለመፈለግ

የቤተሰቡን ታሪክ ሊጽፍ የተነሣ ኢትዮጵያዊ አባቱንና አያቱን ከመታወቂያው፣ ቅድመ አያቱን ደግሞ ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች አፍ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ተቆጥሮ «ከዚያ ወዲያስ አይታወቅም» በሚል ቃል ይዘጋል። ለዚህ አዘውትሮ የሚሰጠው ምክንያት አገሪቱ የልደትና የሞት መዝገብ አልነበራትም የሚል ሲሆን፣ ነገሩ ከፊል እውነት አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ዝርዝር ድንጋጌዎች ቢኖሩትም ድንጋጌዎቹ በተግባር ሳይውሉ ኖረው፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ማጣት ብቻውን ፍለጋን አያቆምም። ፍለጋው በአብዛኛው የሚቆመው ፈላጊው ሰውን በስሙ ብቻ ስለሚፈልግ ነው፤ ስም ግን ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ ሰው ከሚታወቅባቸው ነገሮች ሁሉ ቶሎ የሚለወጠው ነበር። ደብሩ፣ ርስቱ፣ የዘመተበት አለቃ፣ የተወለደበት ዘመንና የተሟገተው ባላጋራ ከስሙ ይልቅ ጸንተው ይቆያሉ።

አንድ ሰው ወላጆቹ ያወጡለት የዓለም ስም፣ ካህኑ በጥምቀት የሰጠው የክርስትና ስም፣ ቤተሰብና ጎረቤት የሚጠራበት የቤት ስም ሊኖረው ይችላል፤ የመኳንንትና የጦር ሰው ከሆነ «አባ» ብሎ የሚጀምር የፈረስ ስም ይጨመርበታል፣ ከመነኮሰም ሌላ ስም ይቀበላል። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ «አባ ነፍሶ»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ይባሉ እንደ ነበር ብዙ ሰው ያውቃል፤ ተፈሪ መኮንን የነገሡበት «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው መጠሪያ የክርስትና ስማቸው እንደ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ሣህለ ማርያም ይባሉ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። የወሎው ራስ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ እስኪጠመቁ ድረስ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። የነገሥታቱንና የመሳፍንቱን የስም ለውጥ ጸሐፊ መዝግቦታል፤ በዚያው ዘመን ሃይማኖቱን የለወጠው ባላገር ግን ጸሐፊ አልነበረውም። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ቅድመ አያቱን አንድ ቦታ ላይ ያጣ ሰው፣ ቆጠራውን የሙስሊም ስም ካላቸው ዘመዶቹ ዘንድ ቢጠይቅ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የዚህ ተቃራኒም እንዲሁ። «አባ እከሌ» የሚል መጠሪያ ብቻ የደረሰው ፈላጊ ደግሞ ሰውየው መነኩሴ፣ ካህን ወይስ ፈረሰኛ እንደ ነበር አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባዋል፤ መነኩሴ የሚፈለገው ከገዳም፣ ፈረሰኛ የሚፈለገው ከአለቃው ታሪክ ነውና።

ከስም ለውጥ ይልቅ ፈላጊን የሚያሳስተው የስም መዋስ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የተላከ ልጅ በአጎቱ ስም፣ አያቱ ያሳደገውም በአያቱ ስም መመዝገቡ እጅግ የተለመደ ነበር፤ ልጁ አድጎ ልጆች ሲወልድ በወረቀት ላይ ያለው አባቱ አጎቱ ወይም አያቱ ሆኖ ይቀራል፣ እውነተኛው አባት ደግሞ ከትውልዱ ሰንሰለት ይወጣል። በትምህርት ቤት ወይም በሠራዊት ምዝገባ ጊዜ የአባታቸው ስም ወደ አማርኛ የተለወጠባቸው የሌሎች ብሔረሰቦች ልጆችም ጥቂት አይደሉም። በተለይ የአያት ስም የተዋሰን ሰው ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ዕድሜን ማስላት ነው፦ በወረቀቱ አባትና ልጅ መካከል ያለው ርቀት ሃምሳ ስልሳ ዓመት ከደረሰ፣ በመካከሉ አንድ ትውልድ ሳይዘለል አልቀረም። በዚህ ረገድ የሴቶች ስም ለፈላጊ ወዳጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለቅ፣ የባለትዳር አያት አንድ የቆየ ወረቀት የራሷን አባትና አያት ይዞ ይገኛል። በሌላው ዓለም ያሉ የዘር ሐረግ አጥኚዎች የሴት አያቶቻቸውን የልጅነት ስም ፍለጋ ስንት ድካም እንደሚደክሙ ያየ ሰው ይህን ዕድል አይንቀውም።

ሁለተኛው መሰናክል ዘመን ነው። ሽማግሌዎች የሰውን ልደት በዓመተ ምሕረት ቁጥር ሳይሆን በበዓል፣ በወንጌላዊና በታላላቅ ክስተቶች ይናገራሉ፤ ይህም ብዙ ወጣቶች እንደሚያስቡት ግምት ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ሊፈታ የሚችል መረጃ ነው። በዚህ ስሌት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ድምሩ ለአራት ሲካፈል፣ አንድ ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። አንዲት አሮጊት ስለ አባታቸው «ከአድዋ ወዲህ በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል ተወለደ፤ ሰገሌም ዘምቷል» ቢሉ፣ የአድዋው ዘመቻ የተደረገበት 1888 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ቀጥለው የሚመጡት የሉቃስ ዘመናት 1891፣ 1895 እና 1899 ናቸው። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ስለተደረገ በ1895 የተወለደ ያን ጊዜ ገና አሥራ አራት ዓመት አልሞላውም፣ በ1891 የተወለደው ግን ወደ አሥራ ስምንት ይጠጋል፤ ስለዚህ ልደቱ ኅዳር 12 ቀን 1891 ዓ.ም. ነው ቢባል ከሁሉ የተሻለ ግምት ይሆናል። ክፉ ቀን የተባለው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረሀብ፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታና የ1928 ዓ.ም. የማይጨው ዘመቻም እንዲሁ ዕድሜን ለመወሰን ያገለግላሉ። የክርስትና ስምም ከዚህ ስሌት ጋር አብሮ ሊታይ ይችላል፤ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ስለሚጠመቁና ካህናት ብዙ ጊዜ ስሙን በልደቱ ወይም በጥምቀቱ ዕለት ከሚውለው በዓል ጋር ስለሚያያይዙት፣ «ወለተ ማርያም» የሚለው ስም ስለ ወሩ ሃያ አንደኛ ቀን ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል። ፍንጭ ከመሆን ግን አያልፍም።

ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች በዚህ ላይ የራሳቸው ችግር አለባቸው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት መሆኑ ስለሚዘነጋ አንድ ዓመት የተዛባ የልደት ቀን ብዙ ወረቀት ላይ ይታያል፤ የኢትዮጵያው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ እንዳለ የተጻፈለት ሰው ደግሞ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይኖራል። በስደተኝነት ወደ አሜሪካ ከገቡት መካከል የልደታቸው ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 1 የተመዘገበላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቀኑን ያወጣው ሰነዱን የሞላው ሰው እንጂ ወላጅ አይደለም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንም በምዝገባ ጊዜ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለተያዘ፣ ለብዙዎቹም የዕብራይስጥ መጠሪያ ስለተሰጣቸው፣ የአንድ ቤት ሰዎች በተለያየ ስም ተመዝግበው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ለዓረብ አገር ሥራ ሲወጡ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን የለወጡ ሴቶች ልጆችም ወደፊት ይህንኑ ችግር ይወርሳሉ።

ከሁሉ የበለጠ መረጃ የሚገኘው ግን ከርስት ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ርስት ሲባል፣ አንድን መሬት መጀመሪያ አቅንቶ ከያዘ አባት የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ በኩልም ሆነ በሴት በኩል ቢቆጥር፣ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበር። በጎጃም ይህ የመጀመሪያ ባለ ርስት «ዋና አባት»፣ ከእሱ በታች ቅርንጫፍ የመሠረቱት ልጆችና የልጅ ልጆች «ምንዝር አባት» ይባሉ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በዳኛና በሽማግሌ ፊት ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ «እከሌ እከሌን ይወልዳል» እያለ መቁጠር፣ ቆጠራውንም በእማኝ ማስመስከር ነበረበት፤ ባላጋራው በበኩሉ አንድ ትውልድ እንደ ዘለለ ወይም ከሌላ ዘር እንደ ተቀጠለ ለማሳየት ይጥራል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለውም ይህ ሙግት ከትውልድ ትውልድ ሲንከባለል ስለኖረ ነው።

ደጋ ዳሞት ውስጥ ይህን ሥርዓት ያጠናው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ነገር ለዘር ሐረግ ፈላጊ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። አንድ ገበሬ በእናቱና በአባቱ፣ በአያቶቹም ሁሉ በኩል ሊጠይቃቸው የሚችላቸው መብቶች በፍርድ ፊት ሊያቀርባቸው ከሚችለው በላይ ስለነበሩ፣ የሚያነሣው የሚጠቅመውን፣ የሚያሸንፍበትንና ደጋፊ የሚያገኝበትን ነበር። ያልተነሣው ሐረግ ቀስ በቀስ ይረሳል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ የሚታወቀው ቆጠራ ያ ቤት መሬት ያገኘበት ቆጠራ እንጂ የአያቶቹ ሙሉ ዝርዝር አይደለም፤ «አይታወቅም» የሚባለው አያትም አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያላስገኘ አያት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የጥያቄውን መንገድ መለወጥ ይቻላል። «እማማ፣ የአያትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር?» ተብለው የተጠየቁ አሮጊት አንገታቸውን ይነቀንቁ ይሆናል፤ «ከወንዙ ማዶ ካለው መሬት በማን በኩል ነበር የምትካፈሉት? ማንስ ከለከላችሁ?» ሲባሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። በእናታቸው ወገን እንደ ነበር፣ እነማን እንደ ከለከሏቸው፣ ሙግቱ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ፣ ለዳኛው ጉቦ ማን እንደ ሰጠ ሳይቀር ይናገራሉ፤ በዚህ መሐል የጠፋው ስም ሳይጠየቅ ይመጣል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ ብዙዎች የማያስቡት፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፦ የባላጋራውን ቤተሰብ ፈልጎ ቆጠራቸውን መስማት። ባላጋራ የተቃራኒውን ወገን ሐረግ ስሕተት ለማግኘት ሲል አጥንቶታል፤ አንዱ ቤት የደበቀውን የእንጀራ ልጅ፣ አንዱ ቤት የዘለለውን ትውልድ ሌላው ቤት አይረሳውም። ሁለቱ ቆጠራዎች በተገናኙበት ስም ላይ ያለው እምነት፣ ወዳጅ የሆኑ አሥር ዘመዶች ከሚሰጡት ምስክርነት ይበልጣል።

ይህ በር ግን እየጠበበ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ዘር መቁጠር መሬት አያስገኝም፤ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ማለትም ከአባቱ ጎን ሆኖ ሙግት የሰማ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አሁንም ለጋብቻ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የጋብቻ ቆጠራ የሚፈልገው ዝምድና አለመኖሩን ማረጋገጥ ብቻ ስለሆነ የርስትን ያህል ጥልቀትና ጥብቅነት የለውም።

በደቡቡና በምሥራቁ ክፍል የሰፈሩ የጦር ሰዎች ዘሮች ከዚህ የተለየ ችግር ይገጥማቸዋል። አርሲ፣ ሐረርጌ ወይም ሲዳሞ የተወለደው ፈላጊ አያቱ «ከሸዋ መጡ» ከማለት በቀር የመጡበትን ደብር አያውቅም፤ ሸዋ ደግሞ ሰፊ ነው። እዚህ ላይ ወታደሩን ትቶ አለቃውን መፈለግ ይሻላል። አርሲን ያስገበሩትና ያስተዳደሩት ራስ ዳርጌ የሰላሌ ገዥም ስለነበሩ፣ ከእሳቸው ጋር ወደ አርሲ የዘመተ ሰው መነሻ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት በፍቼና በአካባቢዋ ደብሮች ነው፤ በራስ መኮንን ሥር ሐረር የገባና በደጃዝማች ባልቻ ሥር ሲዳሞ የሰፈረ ወታደርም እንዲሁ በአለቃው ታሪክ በኩል ሊፈለግ ይገባል። ባልንጀሮች አብረው ስለዘመቱና አጠገብ ለአጠገብ ስለሰፈሩ፣ የአያቱን አገር ያላወቀ ሰው የጎረቤቶቹን አያቶች አገር መጠየቁ መልሱን ያቀርብለታል። ይወርሱት የነበረው ጽዋ ማኅበርም የሚጠቁመው ነገር አለ፤ ሰፋሪዎች በአዲሱ አገር በትውልድ ደብራቸው ታቦት ስም ማኅበር ጠጥተዋልና።

የተጻፈ ነገር የለም የሚለው አባባልም ሳይመረመር ሊታመን አይገባም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎችና ሌሎች መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ፣ ከሻጭና ከገዥ ስም ሌላ የዋሱና የእማኙ ስም ተጨምሮ ይጻፍ ነበር፤ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የሚያትት መጽሐፍ በአብዛኛው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው፤ በሻጭነትና በገዥነት ከሚጠሩት መካከል ሴቶችም አሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት የተቀረጹ ሲሆን፣ ቅጂዎቻቸው በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ባዘጋጇቸው ካታሎጎች ውስጥ ከመጽሐፉ ይዘት ሌላ የባለቤቱና የአስጻፊው ስም ጭምር ተጠቅሷል። አያቱ የነበሩበትን ደብር ስም ያወቀ ሰው ከዚህ ስብስብ የደብሩን መጻሕፍት መፈለግ ይችላል፤ ደብሩን ያላወቀ ግን ከሺህ ብራና ፊት ቆሞ ይቀራል። ለቅርቡ ዘመን ደግሞ በሣጥን ግርጌ የተቀመጠ የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር መዝገብ፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽና የፍርድ ቤት የውርስ ፋይል ከሁሉ ይቀድማሉ።

የሌሎች ሕዝቦች ልማድ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪው ሊያስቀና የሚችል ነው። የሱማሌ ልጅ «አብቲርሲ» የሚባለውን የአባቶቹን ቆጠራ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያጠናል፤ ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ በሚለወጠው የገዳ ሥልጣን አንድ ክስተት በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደ ሆነ ለይተው ይናገራሉ። ከእነዚህ ሕዝቦች ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ቤተሰብ የጠፋበትን ዘመን ከእነሱ ወገን መጠየቅ ይችላል።

አንዳንዱ «አይታወቅም» ግን መርሳት ሳይሆን መደበቅ ነው። በባርነት የተሸጠች አያት፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በሥራው የተናቀ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ አያት፣ በቆማጣነት ከቤት የወጣ አጎት ከቆጠራው የሚወጡት ሆን ተብሎ ነው። ባሪያ ስሟም ሃይማኖቷም በጌታዋ ፈቃድ ስለሚለወጥ ከእሷ በላይ ያለውን መፈለግ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን ያሰበ ሰው ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ ይረዳል። እንዲህ ባለ ቦታ በጥያቄ ማስጨነቅ ከመጥቀም ይልቅ አፍ ያዘጋል። ፈላጊው የሚያገኘውን ሁሉ የማተም ግዴታ እንደሌለበትም ማወቅ አለበት፤ ምሥጢሩ በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሚደርስ ከሆነ የዚያ ሰው ፈቃድ ይቀድማል።

ሽማግሌም ወረቀትም በማይገኝበት ጊዜ የዘረ መል ምርመራ ይነሣል። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ ግማሽ፣ ከእያንዳንዱ አያቱ በአማካይ ሩብ የዘር ቅንጣት ይወርሳል፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ከመቶ 12.5 ያህል ይጋራሉ፣ በቅድመ አያት ወላጆች የሚገናኙ ዘመዶች ግን የሚጋሩት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ስለሆነ አንዳንዶቹ በምርመራው ጨርሶ አይገናኙም። ኢትዮጵያውያን ምርመራውን በሚያካሂዱት ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ ጥቂት በመሆናቸው ውጤቱ ብዙ ጊዜ «ምሥራቅ አፍሪካ» ከማለት አያልፍም፤ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ለአብዛኛው ቤተሰብ አይመከርም። በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ለሄዱ ልጆች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. እስኪከለከል ድረስ የተሰጡ ውሳኔዎች ፋይል በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በኩል ያለፈ በመሆኑ ከዚያ መጀመር ይቻላል፤ በፋይሉ ላይ ያለው ታሪክ ሁልጊዜ እውነተኛ ስላልሆነም ከአንድ የቅርብ ዘመድ ጋር የሚደረግ የዘረ መል ምርመራ ወረቀቱን ያጸናል ወይም ያፈርሳል።

በመጨረሻ የተገኘው ነገር አጻጻፉ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ስም ከማን እንደ ተሰማ፣ መቼና የት እንደ ተነገረ አብሮ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ትውልድ የሰማውንና የገመተውን መለየት አይችልም። ሁለት ቆጠራዎች ሲቃረኑ ደግሞ አዳቅሎ አንድ የሚያምር ሐረግ ከማውጣት ይልቅ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስፍሮ፣ የሚለያዩበትን ስም ምልክት አድርጎበት ማለፍ ይገባል፤ ሌላ ዘመድ ሌላ ሙግት አስታውሶ ሲመጣ የሚጀመረው ከዚያ ምልክት ነው።